በሞተ ሰው ላይ በሐሰት መመስከር ይቻላልን?



የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ስለ ንጉሥ ኢዛና አንድ መንፈሳዊ ጭውውት አዘጋጅተን ለምእመናን አሳይተን ነበር። ድርሰቱን የጻፍነው እኛው ነን፤ የንጉሡና የመኳንንቱ ልብስም ከየቤታችን የተሰበሰበ ነጠላና ጋቢ ነበር። በመጨረሻው ክፍል ንጉሡ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እጅ ከተጠመቀ በኋላ፣ ቀድሞ ማሕረም ለሚባለው ጣዖት ያቆመውን ባለ ጽሑፍ ድንጋይ በመዶሻ ይሰባብራል። ድንጋዩ ከካርቶን ተሠርቶ አመድማ ቀለም የተቀባ ስለ ነበር በሦስተኛው ምት ተንኮታኮተ። አዳራሹ በእልልታ ተሞላ፤ እኛም ደስ አለን።

እልልታው ሲበርድ ከኋላ ወንበር አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ተነሡ። በሰፈራችን ሁላችንም ጋሼ እያልን የምናከብራቸው ሰው ናቸው። በመጀመሪያ መረቁን። ቀጥለውም፣ «ልጆቼ፣ ድንጋዩን ሰበረው ብሎ የነገራችሁ ማን ነው? እኔ አክሱም ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ቆሟል» አሉን። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን።

ጥያቄያቸው ግን ከሳቁ ጋር አብሮ አልወጣም። ማን እንደ ነገረን ለማስታወስ ሞከርን። ያነበብነው መጽሐፍ አልነበረም፤ ከአበውም የሰማነው ታሪክ አልነበረም። ንጉሡ ድንጋዩን እንዲሰብር ያደረግነው እኛ ነን። እንዲህ ቢያደርግ ደስ የሚለን ስለ ሆነ አደረገ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በንባብ ጉባኤያችን ነገሩን አነሣነው። የዚህ ጽሑፍ ርእስ የሆነው ጥያቄም የተወለደው ያን ዕለት ነው። ከመካከላችን አንዱ ወንድም እንዲህ ሲል ተከራከረ፤ በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ባልንጀራን ከጉዳት ለመጠበቅ የተሰጠ ነው። ኢዛና ከሞተ ግን ከ1,600 ዓመት በላይ ሆኖታል። ርስቱን አላስነጠቅነውም፤ ስሙን እንኳ ብናነሣ በበጎ ነው። ታዲያ የተበደለው ማን ነው? ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር፤ ለመመለስ ግን ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን።

አንዲት እኅት ለክርስቲያን የሞተ ሰው ጠፍቶ የቀረ ሰው አይደለም ብላ መለሰች። መልካም መልስ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ሌላ ማንም ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ኑዛዜ ነው። አንድ አባት በሞት አልጋ ላይ ሆኖ የተናዘዘውን ልጆቹ ቢለውጡት፣ ሟቹ አይሰማም፣ አያዝንም ብሎ የሚከራከርላቸው ሽማግሌ በአገራችን አይገኝም። የሟቹን ቃል ያጠፈ ሟቹን በደለ እንላለን። እንግዲህ በደል የሚለካው በተበዳዩ ሕመም ብቻ አይደለም ማለት ነው። መልስ መስጠት የማይችል ሰው ቃሉ በእኛ እጅ ሲወድቅ በአደራ ወድቋል። ሕዝባችን የሟችን ጥፋት ከማንሣቱ በፊት «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚያስገርመን ግን ሟችን በሐሰት ከመውቀስ የሚያስጠነቅቅ አባባል እያለን፣ ሟችን በሐሰት ከማመስገን የሚያስጠነቅቅ አንድም አለመስማታችን ነው። እኛ በኢዛና ላይ ያደረግነው ይህን ሁለተኛውን ነበር።

ይህ ሁሉ ክርክር ከተደረገ በኋላ ድንጋዩ ራሱ ምን እንደሚል ለማወቅ ፈለግን። ሰፈራችን ሩዋንዳ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የምትመች አይደለችም። በአንድ ኤምባሲ ስም የምትጠራ፣ ለአውሮፕላን ማረፊያው የቀረበች ሰፈር ናት፤ በጉባኤያችን መካከል አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ አንባቢው ቆም ብሎ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ከአባቶቻችን ዕድሜ የሚበልጥ ቤት ማግኘት እንኳ ያስቸግራል። ስለዚህ ሦስት ሆነን ታክሲ እየቀያየርን ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሄድን። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጽሑፉ በ4ኛው መቶ ዓመት የተቀረጸ ሲሆን፣ አንዱ ነገር በሦስት መልክ ተጽፏል፤ በግሪክኛ፣ በግእዝ ፊደልና በሳባ ፊደል። ኢዛና በግእዙ የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ነኝ ይላል። ግሪክኛው ግን በማሕረም ፈንታ የግሪኮችን የጦርነት አምላክ አሬስን ያስገባል፤ ለባዕድ አንባቢ እንዲገባው ነው። ከዚያ ታሪኩ ይቀጥላል። ቤጃዎች ያምፃሉ። ንጉሡ ወንድሞቹን ሳይዛናንና ሐደፋን ይልካል። ስድስት የቤጃ ነገሥታት 4,400 ሰዎቻቸውን ይዘው እጃቸውን ይሰጣሉ፤ ንጉሡም ከአገራቸው አንሥቶ ወደ ሌላ ምድር ያሰፍራቸዋል። ጉዞው አራት ወር ይፈጃል። በእነዚያ አራት ወራት በየቀኑ 22,000 ዳቦ፣ የሚጠጣም ይሰጣቸው ነበር። ሲደርሱም ለእያንዳንዱ ንጉሥ 4,190፣ በጠቅላላው 25,140 የቀንድ ከብት ተሰጣቸው። ለዚህ ድል ምስጋና ኢዛና ለአምላኩ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ምስል አቆመ።

ይህን አንብበን ስንጨርስ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። በጭውውታችን ውስጥ ያልተጠመቀው ኢዛና በትር ይዞ የሚጮህ፣ ሰው የሚገርፍ ሰው ነበር። የድንጋዩ ኢዛና ዳቦ ቆጥሮ የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ። ወዲያው ደግሞ ከመካከላችን አንዱ፣ «እንግዲያው ደግ ንጉሥ ነበር ብለን እንጻፍ» አለ። ይህም ሌላ ጥፋት ነበር። እነዚያ ሰዎች ከአገራቸው ተነቅለው የተወሰዱ ናቸው። ዳቦውን የቆጠረው ንጉሡ ነው እንጂ የበሉት አይደሉም፤ ቤጃዎች ስለዚያ ጉዞ የጻፉት ድንጋይ በእጃችን የለም።

ከዚያም የኋለኛውን ጽሑፍ አነበብን። በዚህኛው ኢዛና ማሕረምን አይጠራም፤ ድሉን ለሰማይ ጌታ ይሰጣል። ሕዝቡን በጽድቅና በፍርድ ሊገዛ፣ ሰውንም ላይበድል ቃል ይገባል። እጅግ ያማረ ነው። ነገር ግን በዚያው ጽሑፍ ላይ በኖባ ዘመቻ ከተሞችን እንዳቃጠለ፣ ሰው እንደ ማረከና እንደ ገደለ በቁጥር ይናገራል። ታሪክ እንደ እኛ ጭውውት ከመጋረጃው በፊት ጨለማ፣ ከመጋረጃው በኋላ ብርሃን አልሆነም። በገንዘቦቹ ላይ ፀሐይና ጨረቃ የነበሩበት ቦታ በመስቀል ተተካ፤ ይህም መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካተሙ የዓለም ነገሥታት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ያደርገዋል። ያንን ግን ማንም ሊነጥቀው አይችልምና እኛ የካርቶን ድንጋይ እየሰበርን ልንረዳው አያስፈልገውም ነበር።

እዚህ ላይ አንዲት እኅት ያነሣችው ተቃውሞ ሊታለፍ አይገባውም። እርሷ የምትለው እንዲህ ነው፤ ስለ ኢዛና ማጥናቱ ይሁን፣ የራሳችን ታሪክ ነው። እናንተ ግን ከዚያ አልፋችሁ ሆሜርን፣ የግሪክን አማልክት ተረት፣ የፈላስፎችን ኑሮ በደስታ ታነባላችሁ። ለጥናት ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ደስ ስለሚላችሁ ነው የምታነቡት። ሰው ደግሞ ደስ የሚለውን ነገር ይመስላል። የአሕዛብን ተረት በደስታ እያነበበ ልቡ ሳይነካ የሚወጣ አለን?

ይህች እኅት ጥያቄዋ የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። ደስታ ቀላል ነገር አይደለም ማለቷ ልክ ነው። እኛም በመጀመሪያ እንደ ልማዳችን ከመጽሐፍ ቅዱስ መለስንላት፤ ሙሴ የግብፃውያንን ጥበብ ተምሯል፣ ዳንኤል የከለዳውያንን ትምህርት አጥንቷል፣ ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና በአርዮስፋጎስ ቆሞ ከግሪክ ባለቅኔዎች ጠቅሶ አስተምሯል አልናት። «መማራቸውን አውቃለሁ፤ ደስ ይላቸው ነበርን?» አለችን። ለዚህ መልስ አልነበረንም።

መልስ ያገኘነው ከአባቶች ነው። ቅዱስ ባስልዮስና ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በወጣትነታቸው በአቴና አብረው ተምረዋል፤ የተማሩትም እነዚሁኑ የአረማውያን መጻሕፍት ነው። በ355 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ከእነርሱ ጋር የተማረ አንድ የንጉሥ ዘመድ ነበር፤ ስሙ ዑልያኖስ፣ ኋላ ከሃዲው የተባለው ነው። ይህ ሰው በነገሠ ጊዜ በ362 ዓ.ም. ያወጣው ሕግ ክርስቲያን መምህራን እነዚህን መጻሕፍት እንዳያስተምሩ የሚከለክል ነበር። በአማልክቱ ካላመናችሁ ታሪካቸውን ለማስተማር ምን መብት አላችሁ የሚል ምክንያት ነበረው። ልብ እንበል፤ የአረማውያንን መጻሕፍት ከክርስቲያን እጅ ለማውጣት በሕግ የተነሣው ከሃዲው ነው። ጎርጎርዮስም ይህን እንደ ከባድ በደል ቆጥሮ አጥብቆ ተቃወመው። ሰው ግዴለሽ በሆነበት ነገር እንዲያ አይቆጣም። አባትና ልጅ የሆኑ አጵሊናርዮስ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ደግሞ ለተከለከሉት መጻሕፍት ምትክ ይሆን ዘንድ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በሆሜር የግጥም ስልት እንደ ገና መጻፍ ጀመሩ። ዑልያኖስ በ363 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ሞተ፤ ሕጉም ብዙ ሳይቆይ ቀረ፤ ክርስቲያኖችም ወደ ሆሜር ተመለሱ፤ የአባትና የልጁን ድካም የሚያነብለት ጠፋ። (ለእነዚህ ሁለት ሰዎች እናዝናለን። ጭውውት የጻፈ ሰው ብቻ የሚያዝነው ኀዘን ነው።)

ባስልዮስ በኋላ ለወጣቶች በጻፈው ድርሳን፣ እነዚህን መጻሕፍት እንደ ንብ አንብቡ ብሎ ይመክራል። ንብ ከአበባው የሚጠቅማትን ወስዳ የቀረውን ትታ እንደምትሄድ ሁሉ ማለቱ ነው። ምክሩ ለዘመናት ሲያገለግል የኖረ ነውና ያቺን እኅት ደስ አሰኛት፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ሊያበቃ ምንም አልቀረውም ነበር። እኛ ግን ከኢዛና ድንጋይ በኋላ አንድ ነገር ይከነክነን ጀመር። ንብ ማሯን ስትሠራ ስለ አበባዋ ምንም አትናገርም፤ አበባዋ እንዲህ ነበረች ብላ አትመሰክርም። እኛ ግን እንናገራለን። ከሶቅራጥስ አንድ ጥሩ አባባል ወስደን፣ የቀረውን ሰውዬ ትተን፣ «ሶቅራጥስ እንዲህ አለ» ስንል ስለ አንድ ሰው መስክረናል። ለራሳችን የሚጠቅመንን መውሰድ አንድ ነገር ነው፤ ለሰውዬው የሚገባውን መስጠት ሌላ ነገር ነው።

የራሳችን አባቶችስ በዚህ ነገር እንዴት ነበሩ? የጥንቱ ዓለም በግእዝ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ብዙዎቻችን አናውቅም፤ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ያለ ይመስለናል። ስለ እንስሳትና አዕዋፍ የሚናገረው ፊሳልጎስ በአክሱም ዘመን በቀጥታ ከግሪክኛ ተተርጉሟል። መጽሐፈ ሄኖክን የቀረው ዓለም ጥሎት፣ ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ ኖረ፤ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1773 ዓ.ም. ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ሲያደርስ እንደ ተአምር ታየ። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በተገኙት ብራናዎች መካከል የሄኖክ የአራማይክ ቁርጥራጮች ሲገኙ ደግሞ መጽሐፉ ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ታወቀ። ይህን የጠበቁት ጸሐፊዎች በሌላ ዓለም መጥፋቱን አያውቁም ነበር፤ ፍየል አርደው፣ ቆዳ ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መገልበጥ ሥራቸው ስለ ነበር ገለበጡት።

መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባንም አለ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አባ ሚካኤል የተባለ ሰው ከዐረብኛ የመለሰው ነው፤ ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር በ1974 ዓ.ም. ጥናት አውጥቶበታል። በዚህ መጽሐፍ ሶቅራጥስ፣ አፍላጦንና አርስጣጣሊስ እንደ ገዳም አባቶች ይናገራሉ። ከዚህም የሚብሰው ዜና እስክንድር ነው። ባጅ የተባለው እንግሊዛዊ በ1896 ዓ.ም. ካሳተማቸው የግእዝ ጽሑፎች በአንደኛው ታላቁ እስክንድር ድንግልናውን ጠብቆ የሚጸልይ ጻድቅ ንጉሥ ሆኗል። በ323 ዓመተ ዓለም ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት በባቢሎን የሞተው እስክንድር ግን ሚስቶች የነበሩት፣ ለብዙ አማልክት የሠዋ፣ በስካር ተቆጥቶ የገዛ ወዳጁን ክሊጦስን በጦር ወግቶ የገደለ ሰው ነው።

ታዲያ አባቶቻችን ዋሹ እንበል? አይባልም። ታሪኩ በዐረብኛ አልፎ ሲደርሳቸው ተለውጦ ነው የደረሳቸው፤ እነርሱም ወደዱትና ወደ ራሳቸው አቀረቡት። በጣም የምንወደውን ሰው እንደ እኛ እንዲሆን እንመኛለን። እስክንድርን ባይወዱት ኖሮ አያጠምቁትም ነበር። ሁለቱንም እስክንድር ያወቅን ሰዎች ግን እንደ እነርሱ ልንሆን አንችልም። የግእዙን እስክንድር እንደ ውብ መንፈሳዊ ልብ ወለድ በደስታ እናነባለን፤ ስለ መቄዶንያው ስንጠየቅ ግን ስለ ክሊጦስም እንናገራለን።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ብዙ የሚያስከፍል አልነበረም። የሚያስከፍለው ቀጥሎ የመጣው ነው።

ዮሐንስ ዘኒቂዩስ የሚባል የግብፅ ኤጲስ ቆጶስ በ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዓለምን ታሪክ ጽፏል። የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፍቷል፤ ዐረብኛውም ጠፍቷል። ገብርኤል የተባለ ግብፃዊ በ1602 ዓ.ም. ወደ ግእዝ ስለመለሰው ብቻ መጽሐፉ ዛሬ አለ። ዐረቦች ግብፅን ሲይዙ ለነበረው ዘመን በጣም ቅርብ ስለ ሆነ የዓለም ሊቃውንት ሁሉ ይፈልጉታል። እኛም በኩራት ነበር የከፈትነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሂፓትያን ታሪክ አገኘን።

ሂፓትያ የሒሳብ ሊቅ የነበረው የቴዎን ልጅ ናት። በእስክንድርያ ሒሳብ፣ ሥነ ፈለክና ፍልስፍና ታስተምር ነበር፤ አረማዊት ነበረች፤ ከደቀ መዛሙርቷ መካከል ግን ክርስቲያኖች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ ሲኔስዮስ ኋላ ኤጲስ ቆጶስ ሆኗል፤ እንደ እናትና እንደ መምህር ይቆጥራት እንደ ነበር የጻፈላት ደብዳቤዎች ይመሰክራሉ። በ415 ዓ.ም. በከተማው ገዥ በኦረስጢስና በፓትርያርኩ በቄርሎስ መካከል ጠብ በነበረበት ጊዜ፣ ክርስቲያን ነን የሚሉ ሰዎች ከሠረገላዋ አውርደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ጎትተው በጭካኔ ገደሏት፤ ሥጋዋንም አቃጠሉ። የኒቂዩሱ ዮሐንስ ይህን ሲጽፍ ሂፓትያን አስማተኛ ያደርጋታል፤ ግድያዋንም እንደ በጎ ሥራ ይተርካል።

አንዱ ወንድማችን ይህን ገጽ ለሌሎች አባላት አናንብበው አለ። ምክንያቱም ቅንነት ነበረው፤ ቅዱስ ቄርሎስ የቤተ ክርስቲያናችን ታላቅ መምህር ነው፣ ሃይማኖታችን በቃሉ የተጻፈ ነው፣ ሕፃናት ይሰናከላሉ የሚል ነው። ለአንድ ወር ያህል ተከፋፈልን፤ ከጉባኤው የቀሩም ነበሩ። በመጨረሻ የወሰንነው ገጹን ለመደበቅም፣ ብቻውን ለማንበብም አልነበረም፤ ሌሎቹን ምስክሮች ጠርተን አብረን ለመስማት ነበር። ሌሎቹ ምስክሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው በዚያው ዘመን የኖረው ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሶቅራጥስ ነው (ፈላስፋው አይደለም፣ ስሙን የወረሰ ሌላ ሰው ነው)። ሂፓትያን ያመሰግናታል፤ ግድያው ለክርስትና የማይገባ እንደ ሆነ፣ በቄርሎስና በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ላይም ነቀፋ እንዳመጣ ይጽፋል። ቄርሎስ አዘዘ ግን አይልም። የኒቂዩሱ ዮሐንስም አዘዘ አይልም። ያዘዘው እርሱ ነው የሚለው ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ የጻፈው አረማዊው ፈላስፋ ደማስቅዮስ ነው።

እንግዲህ ሚዛኑ ይኸው ነው። ምስክሮቹን ስንሰማ፣ ሂፓትያን አስማተኛ ነበረች ብለን ልንመሰክር አንችልም፤ ቅርብ የነበረው ክርስቲያን ጸሐፊ አስተማሪ ነበረች ብሏልና። ቄርሎስንም ገዳይ ነው ብለን ልንመሰክር አንችልም፤ ቅርብ የነበረው ምስክር ይህን አልተናገረምና። የገደሏት ሰዎች ግን የክርስቶስን ስም የያዙ ሰዎች እንደ ነበሩ መካድ አይቻልም። ስለ ኢዛና በሐሰት ማመስገን ነውር ከሆነ፣ ስለ ራስ ወገን በሐሰት ዝም ማለትም ነውር ነው። ወንድማችን ሕፃናት ይሰናከላሉ ላለው ደግሞ እኛ የምንፈራው ሌላውን ነው፤ በሃያ ዓመታቸው ይህን ታሪክ ከሌላ ሰው አፍ፣ ምናልባትም ከደማስቅዮስ ክስ ጋር ብቻ ተቀላቅሎ ሲሰሙት፣ እነዚያ የሰንበት ትምህርት ቤት ታላላቆቻችን ያውቁ ነበርን ብለው የሚጠይቁበትን ቀን ነው። ወንድማችን በዚህ ሙሉ በሙሉ አልተስማማም፤ አሁንም አልተስማማም።

ሌላም ትንሽ ዋጋ ከፍለናል። ሆሜር ኢትዮጵያውያንን በክብር ስለሚያነሣ ብዙ ጊዜ እንኮራበት ነበር። አሁን ግን ግሪኮች በዚያ ስም የሚጠሩት በጠቅላላው ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ እንደ ነበር እናውቃለን፤ ሆሜር ደግሞ ከአክሱም መንግሥት ብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ሕንደኬም ዛሬ በሱዳን ያለው የመርዌ ንግሥታት መጠሪያ ነው። በኢዛና ድንጋይ ላይ ግን ግእዙ ሐበሣት ባለበት ቦታ ግሪክኛው ኢትዮጵያውያን ይላል፤ ስሙን የእኛ ነው ያሉት የራሳችን ሰዎች ናቸው፣ ቀኑም ያ ነው። ከመርዌ ሰዎች ቀምተን ከምንይዘው ይልቅ ይህ አይሻለንምን?

ለዚያች እኅት የመጨረሻ መልሳችንን እዚህ ላይ ሰጠናት። ደስታ ባይኖር ይህን ሁሉ ማን ይሠራ ነበር? ሁለት ታክሲ ቀይሮ፣ ሦስት ምስክር ፈልጎ፣ ለማያውቃት ሴት ከ1,600 ዓመት በኋላ የሚሟገት ማን ነው? በጥንቱ ዓለም ንባብ ደስ የማይለው ሰው በአንድ አባባል ረክቶ ይሄዳል፤ ደስ የሚለው ግን ሰውዬው ማን እንደ ነበር እስኪያውቅ አይተኛም። እኅታችን ሰምታ፣ «እንግዲያው ደስታችሁን በዚህ እለካዋለሁ» አለችን። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ትመጣለች፤ የምትመጣው ለመለካት ይሁን ለመደሰት ገና አልነገረችንም።

ጭውውቱን እንደ ገና ጽፈነዋል። በአዲሱ ድርሰት ድንጋዩ አይሰበርም፤ ንጉሡ ሲጠመቅ ከበስተጀርባው እንደ ቆመ ነው፤ የመጨረሻው ብርሃን ሲጠፋም ቆሞ ይታያል። እልልታ ይኖር እንደ ሆነ አናውቅም። ጋሼን ድርሰቱን እንዲያዩልን ስንሰጣቸው በመነጽራቸው ላይ ሌላ መነጽር ደርበው አነበቡና፣ «ዳቦውን ረሳችሁት» አሉን። ስለዚህ ዳቦውንም አስገባን፤ ሕፃናቱ በመሶብ ይዘው ያልፋሉ። በልምምዱ ቀን አንዱ ትንሽ ልጅ በጣቱ ሲቆጥር ቆይቶ ሮጦ መጣ። 22,000 ዳቦ ለ4,400 ሰው ሲካፈል ለአንዱ ሰው በቀን አምስት፣ ልክ አምስት ይደርሰዋል፤ «አምስቱ እንጀራ!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ደንግጠን ተያየን። ከዚያም አንዱ ወንድማችን ልጁን በእርጋታ አስቀምጦ፣ ያን ጊዜ ንጉሡ ገና ለማሕረም ይሠዋ እንደ ነበር ያስረዳው ጀመር። ልጁ ግን እስከ መጨረሻው አላመነውም።